በረዶ ያልመጣበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር ትራም ስጠብቅ ፀሐይዋ ማጅራቴን አሞቀችኝ። ጥር ገና መግባቱ ነው፤ ካፖርቴን አውልቄ ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩት። አጠገቤ የቆሙት ጣሊያናዊት አሮጊት ይኼ ክረምት አይባልም፣ ተራራው ሁሉ በረዶ አጥቶ ራቁቱን ቀርቷል እያሉ አማረሩ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ሙቀቱ ከማጅራቴ ወደ ጀርባዬ እየወረደ ሲሄድ ዐይኔን ጨፈንኩና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ አልተሳፈርኩም።

ያን ጊዜ አገራችን በደርግ እጅ ነበረች። አባቴን አንድ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ ወሰዱት። ታስሯል ተባለ፤ እኔ የማውቀው ይህንን ብቻ ነበር። እናቴ እኔን አክስቴ ዘንድ ትታ በዘመድ በኩል ሮም ገባችና ሰው ቤት ተቀጠረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ወረቀቴን ጨርሳ አስመጣችኝ። አብረን የምንኖር መስሎኝ ነበር። ሥራዋ ግን ፊሶ ነበር። ፊሶ ማለት አሠሪዎችሽ ቤት እያደርሽ የምትሠሪው ሥራ ነው፤ ልጅ ይዞ ደግሞ ፊሶ የለም። ስለዚህ ከአውሮፕላን በወረድኩ በሦስተኛው ቀን እጄን ይዛ ሞንቴቬርዴ ወዳለው የመነኮሳይት አዳሪ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። እረፍቷ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ነበር። እናቴ የሐሙስና የእሑድ እናት ሆነችልኝ።

በመጀመሪያው ክረምት እሱም ተወሰደብኝ። አሠሪዎቿ አብሩዞ ተራሮች ላይ ቤት ነበራቸው። በረዶ ሲወርድ፣ የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ ይወጡና የእኛ ገና ካለፈ በኋላ ይመለሳሉ፤ እናቴም አብራቸው ትሄዳለች። ሌሎቹን ልጆች ወላጆቻቸው እየመጡ ወሰዷቸው። አዳሪ ቤቱ ውስጥ የሚወስዳቸው ሰው የሌላቸው ሁለት ልጆችና እኔ ቀረን። ኮሪደሩ የተቀቀለ ጎመንና የወለል ሰም ይሸት ነበር። በገናችን ዕለት እናቴ ስልክ ደወለች። መስመሩ ይንሿሿል። የምትለው ጠፍቷት መሰለኝ፣ በረዶው እንዴት እንደሚያምር ትነግረኝ ጀመር። ስልኩን ዘጋሁባት።

እኔ የማውቀው በረዶ አዲስ አበባ ቆርቆሮ ላይ እየተንጣጣ የሚወርደውን፣ ካባራ በኋላ ሮጠን ለቅመን አፋችን ውስጥ የምንጨምረውን ነበር። ይኼኛው ግን ድምፅ የለውም አሉኝ። ኮሽ ሳይል መጥቶ እናቴን ይዞብኝ ሄደ። ሳላየው ጠላሁት።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ሲገባ መጸለይ ጀመርኩ። የትምህርት ቤቱ በረኛ የነበሩት መነኩሲት የዚያው የተራራው አገር ሰው ነበሩ፤ ወንድማቸው በየሳምንቱ ስልክ ይደውልላቸዋል። በሄድኩ ቁጥር በረዶ ወርዶ እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸውም በረዶ ለማየት የጓጓሁ መስሏቸው አንጀታቸው ይንሰፈሰፍልኛል።

«አይዞሽ ልጄ፣ ይመጣል፤ ብቻ አንቺ ለምኚ» ይሉኛል።

እኔም እለምን ነበር። እንዳይመጣ።

አልመጣም። የግቢው ጽጌረዳ ያለ ወቅቱ አበበ። መስኮት ተከፍቶ እንማር ነበር፤ የመንገዱ ጫጫታና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ ክፍላችን ድረስ ይገባል። እናቴ ሐሙስ ስትመጣ አስቀድሜ ፊቷን አያለሁ። ሻንጣዎቹ ታስረው ኮሪደር ላይ እንደተደረደሩ፣ በረዶ ከጣለ ቅዳሜ መሄዳቸው እንደማይቀር ትነግረኛለች። ቅዳሜ ያልፋል። በሚቀጥለው ሐሙስ ሻንጣዎቹ እዚያው ናቸው። ለፈረንጆቹ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ሲኞራዋ፣ የእናቴ አሠሪ፣ ተስፋ ቆረጡና እንግዶቻቸውን ሮም ለማስተናገድ ወሰኑ። ሥራው ስለበዛ እናቴ ልጄ መጥታ ትርዳኝ ብላ ጠየቀች። ፈቀዱላት።

እንዲህ ሆኖ ፓሪዮሊ፣ አሠሪዎቿ ቤት ገባሁ። የእናቴ ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነበረች፤ አልጋዋ ጠባብ ስለሆነች አንዳችን ስንገላበጥ ሌላዋም መገላበጥ ነበረባት። ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ መተኛት ከጀመርኩ ወዲህ አዳሪ ቤት የለመደብኝ ቅዠት ተወኝ። ቀን ቀን ደግሞ ድንች እልጣለሁ፣ ብርጭቆ አደርቃለሁ። እናቴ የነቢያትን ጾም እየጾመች ለፈረንጅ ገና የበግ ጥብስ ትጠብሳለች፤ ጨው መቅመስ ስለማትችል ማንኪያውን ወደኔ ትዘረጋለች።

«አንቺ ቅመሽልኝ፣ ልጅ ነሽ፣ እግዜር ይፈታሻል» ትለኛለች።

ቀምሼ አንገቴን ስነቀንቅላት ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሲኞራዋ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው፤ ፀጉሯ የበቆሎ ጭራ የሚመስል፣ ትምህርት ቤት ገና ያልገባች። ለገና ቀይ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪ ተገዛላት፤ የምትንሸራተትበት በረዶ ግን የለም። በማግሥቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ስትጀምር እናቴ እጇን ጠራርጋ መጣች፣ ተንበረከከች፣ የስኪውን ጫማ አጠለቀችላት። ማሰሪያውን ሳታይ በጣቷ ብቻ እየሳበች፣ ቁርጭምጭሚቷን በመዳፏ እየለካች ነው ያሰረችላት። እኔ ጫማ ማሰር ያስተማረችኝ አክስቴ ናት። በር ተደግፌ አየኋቸው። ከዚያ እናቴ የመጥረጊያውን እንጨት አስያዘቻትና በሰም በታሸው ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ትጎትታት ጀመር፤ ሁለቱም ይስቃሉ። የእናቴን ሳቅ ከአዲስ አበባ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ልጅቷ አዳልጧት ስትወድቅ «ታታ!» ብላ ጮኸች፤ ታታ ማለት ሞግዚት ነው። እናቴ ከወለሉ ላይ አፈፍ አድርጋ አነሳቻትና በአማርኛ «እኔን፣ እኔን» አለቻት።

ያ ቃል የኔ ነበር። ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁና የማን እናት ነሽ፣ የሷ ነሽ ወይስ የኔ አልኳት። ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አልጠበቅሁም። እናቴ ቧንቧውን ዘጋች። ቁጣ ነበር የጠበቅሁት፤ እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ፊቴን በእርጥብ እጇ ያዘች።

«አንቺን ማቀፍ ያማረኝ ጊዜ እሷን አቅፋለሁ። እንደዚያ ባላደርግ አልችለውም ነበር» አለችኝ።

ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን አልገባኝም። ሮጬ ወደ ሰገነቱ ወጣሁ። ድንጋዩ በፀሐይ ግሏል፤ ከታች የሚያልፉት ሰዎች ካፖርታቸውን በክንዳቸው ይዘው ነበር። ጉልበቴን አቅፌ አለቀስኩ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላዬ ኳ፣ ኳ የሚል እርምጃ ሰማሁ፤ ልጅቷ የስኪ ጫማዋን እንዳደረገች መጥታ ነው። አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ትንሽ እጇን ፀጉሬ ላይ አስቀመጠችና «እኔን» አለችኝ። አማርኛ ከዚህ ሌላ አታውቅም። ትርጉሙንም አታውቅ ይሆናል፤ ሰው ሲያለቅስ የሚባል ነገር መሆኑን ግን አውቃለች። ከዚያች ቀን በኋላ እንጨቱን ይዤ የምጎትታት እኔ ሆንኩ።

ገናችን ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምሳ በኋላ፣ ከተራራው ስልክ ተደወለ። በረዶ መጣል ጀምሯል። ሲኞራዋ ፊታቸው በርቶ ወጥ ቤት መጡና ነገ በጠዋት እንደሚሄዱ፣ እናቴ የልጅቷን ልብስ እንድታዘጋጅ ነገሯት። እኔ እጄ ላይ የነበረውን ሳህን አስቀመጥኩ። እናቴ እኛ ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች በውሰት ባገኘናት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ገናን ልታስከብረኝ ቃል ገብታልኝ ነበር። ነጠላዬን እንኳ አጥባ ተኩሳልኛለች። እናቴ ለእኚያ ሴት እምቢ ብላ አታውቅም፤ እምቢም አይባሉም። ፔርሜሶዋ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእሳቸው ፊርማ የተገኘ ነው። ከዚያ ቤት ወጣች ማለት ፈቃዷም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል፤ የኔም እንደዚያው።

«ነገ አልሄድም፣ ሲኞራ» አለች እናቴ በጣሊያንኛ፣ በዝግታ። «ነገ በዓላችን ነው።»

ሲኞራዋ የሰሙት አልመሰላቸውም። ታዲያ ልጄን ማን ይያዝልኛል ሲሉ ጠየቁ።

«ልጅዎን እወዳታለሁ፣ ያውቃሉ» አለች እናቴ። «የኔዋ ግን ይህቺ ናት።»

ይህን ስትል እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ሲኞራዋ «ቫ ቤኔ»፣ እሺ ይሁን፣ ብለው ወጡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት። በኃይል ቢዘጉት ይሻለን ነበር።

በማግሥቱ እነሱ ወደ ተራራው፣ እኛ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። በየሰው ቤቱ የሚሠሩ ሴቶች ከከተማው ዙሪያ ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን በአሠሪዎቻቸው አሮጌ ካፖርት ላይ ጣል አድርገው መጥተዋል። ሙቀቱ ስለበረታ ካፖርቱን አንድ በአንድ እያወለቁ መጨረሻ ላይ ቤቱ ነጭ በነጭ ሆነ። እልልታው ከዚያች ጠባብ ጣሪያ ሥር የሚወጣበት አጥቶ ጆሮዬን ሞላው።

ስንወጣ አውቶቡስ አልያዝንም። በወንዙ ዳር በእግራችን ሄድን፤ ከድንጋዩ ግንብ ላይ ተቀምጠን የቋጠረችውን ዳቦና ዶሮ በላን። ፀሐይዋ ውኃው ላይ ትብለጨለጫለች። እናቴ ጣቷን ጠርጋ ስትጨርስ ስለ አባቴ ነገረችኝ። ስንቅ ይዛ እስር ቤት ስትመላለስ ከቆየች በኋላ አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን መለሰላትና ከእንግዲህ አታምጪ አላት። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። አልቅሳ እንኳ አልጨረሰችም፤ ማልቀስም ያስጠይቅ ነበር። እስክታድጊ ልጠብቅ ብዬ ነበር አለችኝ።

«ትናንት ለምን እምቢ እንዳልኩ እንድታውቂ ነው። የቀረነው ሁለታችን ነን» አለች።

አላለቀስኩም። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጌ ወንዙን አየሁ። እሷ ፀጉሬን ትፈታለች፣ መልሳ ትጎነጉናለች። ምን ያህል ጊዜ ፈታ እንደጎነጎነችው አላውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አዳሪ ቤት ልመለስ ዕቃዬን ስሰበስብ እነሱ ተመለሱ። በረዶው የረባ አልነበረም፤ ሣሩን እንኳ ሳይሸፍን ቀልጧል። ልጅቷ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወደኔ ሮጠች፤ በሁለት እጇ ብልቃጥ ጨብጣለች። የማርማላታ ብልቃጥ ነው። በረዶ አይቼ እንደማላውቅ ነግሬያት ነበር፤ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር የተረፈውን አፍሳ አምጥታልኝ ነው። ከፈተችው። ውስጡ ውኃ ነበር፤ አንዲት የጥድ ቅጠል ተንሳፋለች።

ነጭ ነበር፣ ሳነሳው ነጭ ነበር አለችኝ።

ጣቴን ነከርኩበት። አሁንም ይቀዘቅዛል። ጉንጬ ላይ ቀባሁትና አየሁት፣ በጣም ያምራል አልኳት። አመነችኝ። ያን ክረምት ሙሉ የጸለይኩትን ለማንም አልነገርኩም፤ ለሷ ግን ያኔ መንገር አምሮኝ ነበር።

ሲኞራዋ በዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ፋሲካ ሲያልፍ ግን ሌላ ሠራተኛ ማግኘታቸውን ለእናቴ ነገሯት፤ ልጅ የሌላት፣ እንደልብ የምትንቀሳቀስ። ክፉ ሴት አልነበሩም። ለፔርሜሶዋ የሚያስፈልገውን ወረቀት ጽፈው ፈርመው ሰጧት። እናቴ በሰዓት የሚሠራ ሥራ ያዘች፤ ከአንዲት የአገራችን ሴት ጋር ፒኜቶ ሁለት ክፍል ተከራየን። አዳሪ ቤቱን ለቀቅሁ። የለመንኩት ሁሉ ሆነልኝ።

እናቴ ዕቃዋን ከፓሪዮሊ ልትወስድ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። ልጅቷ በሩ ላይ የእናቴን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። አላለቀሰችም፤ ያዘች ብቻ። እናቴ ጎንበስ ብላ ትንንሾቹን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ እያንዳንዱን እየሳመች። ትራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

አዲሱ ክፍላችን አንድ መስኮትና ሁለት አልጋ ነበረው። እናቴ ልብስ እያጠፈች ወይም ሽንኩርት እየከተፈች፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ እንዳለ፣ ትጠራኛለች። የምትጠራው የኔን ስም አልነበረም፤ የዚያችን ልጅ ነበር። መሳሳቷን አታውቀውም። ለብዙ ሳምንታት እንዲሁ ነበረች።

እኔም አላረምኳትም። «አቤት» እያልኩ እመጣላት ነበር።