ሽማግሌው መስኮቱ ጋ ምን ያዩ ነበር?

አዲሱ የኃይል ማመንጫ ሥራ ሊጀምር ሲል ነባር ሠራተኞች ተቀነሱ። ኦፕሬተሯ ተረፈች፤ ያሠለጠኗት ሽማግሌ ግን ተሰናበቱ። እሳቸው በየሙከራው፣ እንፋሎቱ ወደ ተርባይኑ ከመለቀቁ በፊት መስኮቱ ጋ ሄደው ቆም ይሉ ነበር። ምን እንደሚያዩ ጠይቃቸው አታውቅም። ዛሬ ብቻዋን እንፋሎቱን ልትለቅ ስትል ነገሩ ከነከናትና ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ መስኮቱ ጋ ምን ነበር የሚያዩት?»

ከት ብለው ሳቁ። «ምን አያለሁ ብለሽ ነው! እጅሽ ችኩል ነው። ስዘገይብሽ ቆጣሪዎቹን ደግመሽ ታያለሽ ብዬ ነው እንጂ።»

ቀና ብላ ቆጣሪዎቹን አየች። የተርባይኑ ማለስለሻ ዘይት ግፊት እየወረደ ነው። ተርባይኑ ያለ በቂ ዘይት ቢዞር ይቃጠል ነበር። እጇን ከእንፋሎቱ መክፈቻ ሰበሰበች።

«ጋሼ፣ ዘይቱ ወርዷል!»

«በይ ስልኩን ዝጊና መካኒክ ጥሪ። እኔማ ተባርሬ የለም እንዴ!»

መካኒኩን ጠራች፤ ስልኩን ግን አልዘጋችም።