ዝም ያላለው ዕጢ

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈርተኛው «ሬዲዮው» ይለዋል፤ ምላሱ ከመቀሱ ይፈጥን ነበርና። ኋላ ላይ ግን ወሬው መሀል ላይ እየተቆረጠ አስቸገረ። የደንበኛውን ግማሽ ጭንቅላት ከርክሞ «ምን እያልኩ ነበር?» ይልና መስታወቱ ላይ ይፈዛል። ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል። ቀጥሎ የኩላሊት ጠጠር ጣለው፤ ወጣለት ሲባል ደግሞ ሌላ መጣበት።

«ሰው ቤት ሊሠራ ድንጋይ ይገዛል፤ አንተ ከሆድህ ታመርታለህ» አለችው ሚስቱ፤ ተሳሳቁ። የሱቁን የብረት በር ወደ ላይ ሲገፋ የእጁ አንጓ ቀጭ ብሎ የተሰበረ ዕለት ግን የሳቀ አልነበረም። አባቱም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው፤ ጠጠር፣ ስብራት፣ ከዚያ አልጋ ላይ መዋል። ሲሞቱ «ኩላሊት ነው» ተብሎ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ለስብራቱ በሄደበት ሆስፒታል ሐኪሟ የደም ውጤቱን ደጋግማ አየችው።

«ካልሲየምዎ አንዴ ከፍ ይላል፣ አንዴ ደህና ይመስላል። በባዶ ሆድዎ ይምጡ። ደምና ሽንት ወስደን ካልሲየም እናጠጣዎታለን፤ ከዚያ እንደገና እንለካለን።»

«በዝቶብሃል እያላችሁኝ ልትጨምሩልኝ?»

«አንገትዎ ውስጥ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ደህና ከሆኑ፣ ካልሲየሙ ሲገባ ሆርሞናቸውን ይቀንሳሉ። ዝም ይሉ እንደሆነ ልናይ ነው።»

በምርመራው ቀን አስተማሪ የሆነችው ልጁ አብራው ሄደች። ኖራ ኖራ የሚለውን መጠጥ ፊቱን አጨማዶ ጨለጠው። «ግድግዳ መሰልኳችሁ እንዴ?» አለ፤ ደም የሚቀዳው ባለሙያ ፈገግም አላለም። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ልጅቱ የያዘችውን ውሃ ጨረሰች። ከቧንቧው ሞልታ መጣች፤ እሱንም ጨርሳ እንደገና ተነሣች። ያኔ ነው ልብ ያለው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚጠማሽ?»

«ሙቀቱ ነው፣ አባዬ።»

ኮሪደሩ ይበርዳል። እሷም ሹራብ ለብሳለች። የእሱም ጥም እንዲህ ነበር የጀመረው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አልሸፋፈነችም። ካልሲየሙ ከፍ ብሏል፤ ሆርሞኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ዕጢው መውጣት አለበት። እሱስ የሕመሙን ምንጭ በማወቁ ቀለል ብሎት ነበር። የአባቱን ነገር ሲያነሣ ግን ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ልጆች አሉዎት?»

በበሩ መስታወት አሻግሮ አየ። ልጁ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብላለች።

አንገቱን ሲከፍቱት ያበጠው ዕጢ አንድ ብቻ አልነበረም፤ ያበጡትን አወጡለት። ቀስ በቀስ ድካሙ ለቀቀው፤ ወሬውም ተመለሰ። ልጁ ግን «እኔ ምን ሆንኩና?» እያለች ቀጠሮውን ስታሸሽ ከረመች። በመጨረሻ ሱቁን ዘግቶ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ደጃፍ ቆመ፤ ይዟትም ሄደ። ያንኑ መጠጥ አፍንጫዋን ይዛ ጠጣች።

ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሟ በሩን ከፍታ «ሁለታችሁም ግቡ» አለች። የልጅቱም ሆርሞን አልቀነሰም ነበር። ቀዶ ጥገናው እንደሚረዳት፣ በጊዜ መታወቁም ጥሩ እንደሆነ፣ በሽታው ግን በዘር የሚወርድ እንደሚመስል አስረዳቻቸው።

ልጅቱ እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈች። እርጉዝ መሆኗን ለእናቷም ገና አልነገረችም።

«ይሄኛውስ?» አለች።

አባቷ ሐኪሟን አያት። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ ልጅቱ አስጠግታ «ሊወርስም ላይወርስም ይችላል፤ ሲወለድ እንከታተለዋለን» አለች።