የጋሼ ፋንሾ ድንጋዮች

ዙሌካ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ገበያ መጋረጃና ብርድ ልብስ ስትሸጥ ስንት ዘመን ኖረች! በምትኖርበት ሜይፌር ሰፈር ካሉት ጎረቤቷ ጋር ግን ከ«ሳውቦና»፣ ከዙሉ ሰላምታ፣ ያለፈ ወሬ አልነበራትም። የት ጊዜ አላት? ኮሮና መጥቶ ሱቁም ታክሲውም ጸጥ ሲል ነው ጓሮ እንዳላት እንኳ ትዝ ያላት። የጆሃንስበርግ ሰኔ ብርድ ነው፤ ፀሐዩ ግን ያባብላል። ሳጥን ገልብጣ ስትቀመጥ፣ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ሽማግሌም እንደሷው ፀሐይ ይሞቃሉ።

ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሚስት ሞታባቸዋለች፣ ልጅ የላቸውም። በራቸው ላይ የተለጠፈው ስም ጉድ ነው፣ ፊደሉ አያልቅም። ዙሌካ «ሚስተር ፌዘርስተንሆ» ለማለት ስትታገል ሳቁና ሲጠራ «ፋንሾ» ብቻ ነው አሏት። የቀረውን ፊደል ማን በላው ብትላቸው አያታቸውም ሳያውቁ እንደሞቱ ነገሯት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ፋንሾ ሆኑ። እሷም በኛ አገር ሰው ሲጠራ ዝም እንደማይል፣ «አቤት» እንደሚል አስተማረቻቸው። ከአጥር ማዶ ሲጠሯት ከማድቤቷ «አቤት» ስትል መስማት ደስ ይላቸው ነበር።

የስማቸውንም ትርጉም ሳትጠይቅ አላደረችም፤ ትርጉም የሌለው ስም አይዋጥላትም። የቦታ ስም ነው አሏት፤ በድሮ እንግሊዝኛ ድንጋዮች የቆሙበት፣ አራት ናቸው ይባላል፣ ወንዝ ዳር ያለ ለጥ ያለ መስክ ማለት ነው። ቅድመ አያታቸው ወርቅ ፍለጋ ከሰሜን እንግሊዝ ከመጡ ወዲህ ከቤተሰቡ ማንም ተመልሶ አላየውም። ሚያዝያ ላይ ሊሄዱ ቲኬት ቆርጠው ነበር፣ በረራው ቀረ። አሁን ደግሞ ሐኪማቸው በዚህ ሳንባ አውሮፕላን አይታሰብም ብሏቸዋል።

«ከኔ ወዲያ ስሙን የሚይዝ የለም፤ ሳላየው መሞቴ ነው» አሏት።

አንጀቷን በሏት። ደግሞስ እንዴት አይበሏት? ዙሌካ ያደገችው ስልጤ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ የቆሙ ድንጋዮች መሀል ነው። ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንስራዋን አስደግፋባቸው ታርፍ ነበር። እናም በየቀኑ መንደሯን ታወራላቸው ጀመር፤ እርጥቡን ሣር፣ የጠዋቱን ጉም፣ ከሰዓት ሲነኩት የሚሞቀውን ድንጋይ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንዳንዴ ወንዙ በየት በኩል እንደሚታጠፍ ይጠይቃሉ። እያደር ዙሌካ ራሷ፣ በሕልሟ የምታየው ጉም የሷ ይሁን የሳቸው መለየት አቃታት።

ሐምሌ ላይ ጋሼ ፋንሾ ከጓሮው ጠፉ። በመስኮቱ ሳላቸው ብቻ ይሰማል። ዙሌካ ሾርባ በራቸው ላይ እያስቀመጠች ስትጸልይ ሰነበተች። ሲወጡ ከስተው፣ የሰጠቻቸውን ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር፤ ድምፃቸውም ሰልሏል።

ዙሌካ አላመነታችም፤ አገር ቤት ላለው ወንድሟ ለሻፊ ደውላ ወደ ድንጋዮቹ ላከችው። እዚያ ቆሞ የሚጣራውንም ስም አስጠናችው። ስልኩን በቪዲዮ ከፍታ አጥሩ ላይ አቆመችው። ጉሙ፣ ሣሩ፣ የቆሙት ድንጋዮች፣ ከጀርባ ወንዙ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሱ «ቦታው የኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉ። «ግድ የለም፤ ይጥራኝ።»

ሻፊ ፊቱን ወደ መስኩ አዙሮ በረጅሙ ተጣራ፤ «ጋሼ ፋንሾ!»

ሽማግሌው ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ በቀራቸው ትንፋሽ «አቤት» አሉ።