ጀንፈል ጭነን የፈተንናቸው ጀልባዎች

ባሌና ወንድሜ እሳትና ጭድ ናቸው። ሰው ሲጠይቀኝ «ኧረ ይዋደዳሉ» እላለሁ፤ ምን ልበል ታዲያ? አምና ሚዛን ከተማ የዘመድ ሰርግ ተጠርተን ሄደን፣ በአንዲት የማትረባ ቃል ተነሥተው ባሌ የወንድሜን ሁለት የፊት ጥርስ አረገፈ፣ ወንድሜም ወንበር አንሥቶ የባሌን ግንባር ተረተረው። ደሙ የሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ ላይ ተረጨ። እኔም ላገላግል መሀል ገብቼ ከሁለቱም ቀመስኩ።

ከዚያ ሽማግሌ ገባ። መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው አማማሏቸው። ከእንግዲህ ቀድሞ እጁን ወይም ብረት ያነሣ ከቤተሰብ ይቆረጣል። ወንድሜ ከሆነ የእኔን ደጃፍ አይረግጥም፤ ባሌ ከሆነ እኔ ልጆቼን ይዤ ወደ እናቴ ቤት እገባለሁ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ አንድም ሰው የለም! መሐላው የነሱ፣ ቅጣቱ የእኔ። አንዳቸው በተቆጣ ቁጥር ባሌን ነው ወይስ ወንድሜን ነው የማጣው እል ጀመር። በዚያ ላይ ሽማግሌዎቹ «እርቅ የሚጸናው አብሮ በመሥራት ነው፤ አንድ ነገር በጋራ ግዙ» አሉ።

የጀልባውን ነገር ያመጣው ወንድሜ ነው። ከቴፒ ወጣ ብሎ ጫካው ውስጥ ሐይቅ አለ። የካምፓስ ተማሪዎች ይሄዱበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡበታል፤ ዳር ቆመው ጠጠር ይወረውሩና ይመለሳሉ። አንድ የሞተር ጀልባ ቢኖረን ሰው እናዝናናበታለን አለ። ባሌም ለመጀመሪያ ጊዜ በወንድሜ ሐሳብ ተስማማ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዶሮ አረድኩ።

ቡናው ደርቆ እንዳበቃ አንድ ሻጭ ሁለት ጀልባ በአይሱዙ ጭኖ መጣ። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በኩል የተዘጋ መዝናኛ ነበረ፣ የዚያ ዕቃ ናቸው። አንዱን ለእኛ ሸጦ ሌላውን ወደ ጋምቤላ ሊያሳልፍ ነው። ሁለቱም ፋይበር፣ ሁለቱም ነጭ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ሞተራቸው አንድ፣ የወንበሩ ሸራ እንኳ አንድ ነው። አንደኛው ጎኑ ላይ ቀይ መስመር አለው፣ ሌላው ሰማያዊ። እኔ በዚህ ብቻ ነው የምለያቸው። ጎንበስ ብሎ ከሥር ላየ ግን የቀዩ ሆድ ሾል ያለ ነው፣ የሰማያዊው ጠፍጣፋ።

ባሌ ሰማያዊውን አለ። «ሰው ሲገባበት አይወዛወዝም። ሙሽራ በታኮ ጫማ ትገባበታለች።» ወንድሜ ቀዩን አለ። «ዳር ላይ መቆሙን ምን ታያለህ? ሲዞር እንዴት ነው፣ እሱን እይ!» ባሌ «አንተ ጀልባ የት ታውቃለህ?» ሲለው፣ ወንድሜ «አንተስ የት ነው የምታውቀው፣ ሸኮ ገበያ ላይ?» ብሎ መለሰለት። የእርቁ ዋስ የሆኑት ሽማግሌ አብረውን መጥተው ነበር፤ «አብረው ሲገዙ በዓይኔ ልይ» ብለው። ሳል አሉ፤ ሁለቱም ወደ ጀልባዎቹ ዞሩ።

እንግዲህ እኛ የቡና ሰዎች ነን። የምናውቀው ሚዛንና ኬሻ ነው። «በጭነት ይፈተኑ» ተባለና ገና ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡናችንን፣ ጀንፈሉን፣ በየኬሻው አምጥተን፣ አንድ ኬሻ አንድ ሰው ነው ብለን በሁለቱም ላይ እኩል ደረደርን። ሻጩ ሳቀብን። «እናንተ ሰዎች፣ ሐይቅ ላይ የምታዝናኑት ጀንፈል ነው እንዴ?» አለ። ማን ይስማው! ሁለቱም ጀልባ ውሃው ውስጥ እኩል ጠለቀ፤ በስንዝር ለካን፣ በእንጨት ለካን፣ ልዩነት የለም። ልዩነት ቢኖር ኖሮ ተገላግለን ነበር። አሁን ግን ሁለቱም «አየህ?» ይባባላሉ። በመጨረሻ ጭነቱ እንዳለ ሁለቱንም ነድተን እንያቸው ተባለ። ሻጩ ሞተሩን እንዴት እንደሚይዙ ጧት አሳይቷቸው ስለነበር አልተቃወመም።

ባሌ በሰማያዊው ብቻውን ገባ። እኔ ከወንድሜ ጋር በቀዩ ገባሁ፤ ባሌ ይህንንም በዓይኑ መዘገበብኝ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ያለው ሰው ምን አይቶ ነው! ወንድሜ ሐይቁ መሀል ላይ ቀዩን አዞረው፤ ትንሽ ጋደል ብሎ ዞረና ቀና አለ። ኬሻዎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ባሌ ይህንን ሲያይ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው፤ ሞተሩን አስጮኸውና በሙሉ ፍጥነት ሰማያዊውን ጠመዘዘው። ጠፍጣፋው ሆድ ውሃው ላይ ተንሸራተተ፣ ኬሻዎቹ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሄዱ፣ ጀልባው በጎኑ ቆመ፣ ባሌ ከነጀንፈሉ ተወረወረ። ሞተሩ ጠፋ። ለጥቂት ጊዜ ኬሻ እንጂ ሰው አይታይም ነበር።

«ጌታ ሆይ!» ብዬ ጮህኩ። ብቅ አለ። ኬሻ አቅፎ፣ ውሃ እየተፋ።

ወንድሜ ቶሎ ነድቶ ደረሰለት። እዚህ ላይ አፉን ቢዘጋ ምን ነበረበት? ግን ወንድሜ አፉን የሚዘጋው ሲተኛ ብቻ ነው። እጁን ዘርግቶለት እየጎተተው «ጀንፈሉ ካንተ የተሻለ ይዋኛል እኮ!» ብሎ በዚያ በጎደለ ጥርሱ ተንከተከተ።

ባሌ ጀልባው ውስጥ ወድቆ ትንፋሹን ሳበ። ከወንበሩ ሥር ጧት ገመድ የቆረጥንበት ገጀራ ነበረ። ሲያነሣው አየሁት። ፊቱ የባሌ ፊት አልነበረም፤ ዓይኑ ቀልቶ ከንፈሩ ተንቀጥቅጧል። «አንተ!» ብዬ ጮህኩ። ወንድሜ አሁንም እየሳቀ ነበር፤ ሳቁን ሳይጨርስ ክንዱን ጋረደ፣ ገጀራው ክንዱ ላይ አረፈ። ድምፁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ እርጥብ እንጨት ሲፈለጥ ነው። ሥጋው ተከፈተ፣ መጀመሪያ ነጭ ነገር ታየኝ፣ ከዚያ ደሙ ተንፎለፎለ። የጀልባው ወለል ቀላ፣ እግሬ ሙቀት ተሰማው።

ባሌ ደግሞ አነሣ። ሁለተኛው ለአንገቱ ነበር፤ ማንም ቢክደኝ ይህንን አውቃለሁ። መቅዘፊያውን አንሥቼ የእጁ አንጓ ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ ጠለዝኩት። ገጀራው ውሃ ውስጥ ገባ። ሊይዘኝ ሲመጣ ደግሜ ትከሻውን መታሁት፣ ሲወድቅ ጆሮውን ነከስኩት። ቆዳው በጥርሴ መሀል ሲላቀቅ ተሰማኝ። «እገድልሃለሁ!» እያልኩ ነበር። የምሬን ነበር።

ወደ ዳር የነዳን ወንድሜ ነው፤ በአንድ እጁ፣ ሌላውን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልሎ። ቀዩ ጀልባ ቀጥ ብሎ ሄደ። የተሻለው ቀዩ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው። ሻጩ ደሙን ሲያይ ስለ ሽያጩ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ አይሱዙውን አስነሥቶ ቴፒ ጤና ጣቢያ አደረሰን። ነርሷ «ምን መታህ?» ስትለው ወንድሜ «ቡና ስመነጥር ገጀራው አመለጠኝ» አላት። በቤተ ክርስቲያን መዘምር ነው፤ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም።

ክንዱ ተሰፍቶ ከወጣ በኋላ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ባሌ ጆሮው በፋሻ ታስሯል፣ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «ብረት ሲነሣ ከሩቅ አይቻለሁ። ማን እንደ ጀመረ ግን አልታየኝም። ማን ነው ቀድሞ እጁን ያነሣው?» አሉ።

አፌን ልከፍት ስል ወንድሜ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ አባባ። ውሃ ውስጥ እያለ ፊቱን በጥፊ መታሁት። እሱ ራሱን ሲከላከል ነው።»

«ምን?» ብዬ ብድግ አልኩ። «ይዋሻል! እጁን ዘርግቶለት አይደል እንዴ ከሞት ያወጣው! እዚያው ነበርኩ እኮ!»

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ወደ ባሌ ዞሩ። «እውነት ነው የሚለው?»

ባሌ ቀና ብሎ ወንድሜን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኔን ዓይኑ ላይ ተክዬ ጠበቅሁት። እንኳን ባሌ፣ ድንጋይም ቢሆን ያን ጊዜ ይናገራል ብዬ ነበር።

«አዎ» አለ።

ሽማግሌው ተነፈሱ። «ሁለቱ ባለጉዳዮች አንድ ቃል ከተናገሩ እኔ ምን እጨምራለሁ? መሐላ መሐላ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወንድምሽ ደጃፍሽን አይረግጥም» አሉኝ። ወንድሜ በደኅናው እጁ ራሴን ዳበሰኝና ወደ በሩ ሄደ። ሲወጣ ይንገዳገድ ነበር፤ ብዙ ደም ፈስሶታል።

ቤት ገባን። ባሌ «ምሳ አልበላንም» አለ። ይህንን ነው ያለው! ጓዳ ገብቼ የልጆቹን ልብስ በኬሻ ጠቀጠቅሁ። «የት ነው?» ሲል አልመለስኩለትም። በሩ ላይ ሊቆም ሞከረ፤ መዳፌን ደረቱ ላይ አድርጌ ገፋሁት፣ ተገፋ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሜ ቤት ደረስኩ። ትልቁ ልጄ ኬሻውን ይጎትታል፣ ትንሿ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ወንድሜ በሩን ከፍቶ ሲያየን ፊቱ ከል መሰለ።

«አብደሻል?» ብሎ ጮኸብኝ። «ለማን ብዬ ነው የዋሸሁት? ልጆችሽ አባት እንዳያጡ ብዬ አይደል? እጄን ሰጠሁ፣ ስሜን ሰጠሁ፣ አሁን መጥተሽ ሁሉንም ልታፈርሺው?»

«ማን ለመነህ?» አልኩት። «መሐላው አንተ እኔ ቤት እንዳትገባ ነው። እኔ አንተ ቤት እንዳልገባ ማን አለ?»

«ተመለሺ ወደ ባልሽ!»

«ገጀራውን እችለው ነበር» አልኩት። «ደም ፍላት ነው፣ ንዴት ነው እል ነበር። ዓይኔን እያየ አዎ ያለውን ግን አልችለውም።»

የጎረቤት ሰዎች አጥር ላይ ወጥተው ያዩናል።

«በል ዞር በል» አልኩት፤ «ልጅቷ ከብዳኛለች።»

ደኅናውን እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።