ከሰዓቱ አድራሻ የተላከ መልስ

ሰዓት ሠሪዋ ሁለት ጊዜ ሱቅ ለቀዋል፤ የዓይናቸውንም ብርሃን በከፊል ለሙያቸው ገብረዋል፤ በኢሜይል አድራሻቸው ውስጥ ያለችውን አንዲት የመደመር ምልክት ግን አልሰጥም ብለው ሞገቱ።

ለጥገና የገባ ሰዓት ሁሉ የራሱ አድራሻ ይወጣለታል፦ የእሳቸው ስም፣ ቀጥሎ የመደመር ምልክት፣ ቀጥሎ የሰዓቱ ቁጥር። አድራሻው በጠባብ ወረቀት ተጽፎ ከኋላ ክዳኑ ውስጥ ይለጠፋል፤ ለባለቤቱም ይሰጣል። ወደዚያ የተጻፈ ሁሉ የሚያርፈው በእሳቸው አንድ ሳጥን ነው። ይህን ያህሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያስደንቀው አመላለሳቸው ነው። ኢሜይሉ ለራሱ ቢተው መልሱን የሚልከው ምልክትም ቁጥርም ከሌለው ከዋናው አድራሻ ነበር። እሳቸው ግን እያንዳንዱን አድራሻ በማስተካከያው ገጽ አንድ በአንድ አስመዝግበው፣ ለሰባተኛው ሰዓት ከሰባተኛው፣ ለአራት መቶ ሦስተኛው ከአራት መቶ ሦስተኛው ይመልሳሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው በላኪዎቹ ዝርዝር ላይ በጣታቸው ሲወርዱ ያየ ሰው የመዘውር ጥርስ የሚቆጥሩ ይመስለዋል።

የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነው የወንድማቸው ልጅ ለሱቁ አዲስ የደንበኞች መዝገብ ሲያዘጋጅ፣ መዝገቡ ምልክቷን ባየ ቁጥር «የተሳሳተ አድራሻ» እያለ መለሰ።

«እትዬ፣ ይቺን ነገር ይተዉአት። ሁሉም ዞሮ ዞሮ እርስዎ ጋ አይደል የሚመጣው?»

«መምጣቱንስ ይመጣል። አመላለሱ ነው እንጂ።»

«ኧረ ሰው ላኪውን መቼ ያያል!»

እሳቸው ለዓይን ሕክምና በተኙበት ሳምንት ባለሙያው የሁለት መቶ አሥራ ስድስተኛውን ሰዓት መጠገን ለባለቤቱ ከዋናው አድራሻ ጻፈ። ባለቤቱ ሚስታቸውን የቀበሩ ጡረተኛ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው፤ የጠረጴዛ ሰዓቱም የሟች ነበር። ሹሙ አልመጡም። በሦስተኛው ሳምንት ለሰዓቱ አድራሻ እንዲህ ጻፉ፦ «እንዳይከፋኝ ብላችሁ ዝም እንዳላችሁ ገብቶኛል። የማይድን ከሆነ ንገሩኝ፤ ቁርጤን ልወቅ።»

ሰዓት ሠሪዋ ሁለቴ አነበቡት። ከሁለት መቶ አሥራ ስድስተኛው አድራሻ «ሰዓትዎ ይሠራል፤ ይምጡ» ብለው ላኩ።

እኔም የእጅ ሰዓቴን ልወስድ መጥቼ በዚያ ነበርሁ። ሹሙ የኮታቸውን ቁልፍ አዛንፈው ቆልፈው ደረሱ፤ ስልካቸውንም ባንኮኒው ላይ አኖሩት። ሴት ልጃቸው አጭበርባሪ እንዳይደርስባቸው ብላ ሳጥናቸውን ከተመዘገበ አድራሻ በቀር ምንም እንዳያስገባ ዘግታዋለች፤ የባለሙያው መልእክት ከጥራጊው ጋር ተጥሎ ኖሯል። የሰዓቱን አድራሻ ግን ሹሙ በገዛ እጃቸው መዝግበውት ነበር፤ በሚስታቸው ስም። እነሆ በስልኩ መስታወት ላይ፣ ከሟቿ ስም በታች፦ «ሰዓትዎ ይሠራል፤ ይምጡ።»

«ስሟ ብልጭ ሲል በቆምኩበት ቀረሁ» አሉ ሹሙ። «እሷም እንዲሁ ነበረች፤ ነገር አታበዛም።»

ሰዓቱ አራት ጊዜ ደወለ። ባርኔጣዬን መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም፤ በእጄ ይዤው ተገኘሁ።

ሹሙ ሰዓቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ከወጡ በኋላ ባለሙያው አንገቱን ደፋ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ግን መዝገቡ እኮ አሁንም ምልክቷን አልቀበልም ይላል፤ ምን ይሻላል?»

ሰዓት ሠሪዋ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መለሱ።

«አልቀበልም ካለ መዝገብህን ጠግነው! እኔ አርባ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣልኝ ዕቃውን ፈታሁ እንጂ ባለቤቱን ተለወጥ ብዬው አላውቅም። ስድስት መቶ ሰዓት ቢገባ ስድስት መቶ አድራሻ አወጣለሁ፤ የጻፈልኝም ሰው ከጻፈበት አድራሻ መልሱን ያገኛል። አሁን ከብርሃኔ ላይ ዞር በልልኝ።»