ቱፍታ አይጠረግም

በሺር ሾፌር ነበር ይሉታል እንጂ እኔ እንደማውቀው ዋና ሥራው መንዳት አልነበረም። ዋና ሥራው ፈረንጅ ማዘጋጀት ነበር። የሆስፒታላችንን ላንድሮቨር ይዞ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ይወርዳል፣ ከውጭ የመጣውን ሐኪም ይቀበላል፣ ደሴ እስኪደርሱ ድረስም እንግዳውን የወሎ ሰው ለማድረግ ይታገላል። መንገዱ አጭር ነው፤ በሺር ግን የሐረጎ ዳገት ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ሆን ብሎ ያዘግማል። ትምህርቱን ሳይጨርስ ከተማ እንዳይገባበት ነው።

እኔ አስናቀች እባላለሁ፤ ነርስ ነኝ። ከሚሲዮኖች የተማርኳት እንግሊዝኛ ስለነበረችኝ አስተርጓሚ ተብዬ ከጎኑ እቀመጥ ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ነገር ግን "አንቱ ካልሽኝ መኪናዬ ላይ አትወጪም" ብሎ ስለማለ አንተ እለው ነበር። አንተ በማለቴ ያከብረኛል፣ አንተ ስለው ደግሞ እንደ ልቤ እቆጣዋለሁ። ለመቆጣት ምክንያት አሳጥቶኝ አያውቅም።

ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው። ፈረንጆቹ አፍሪካ ብለው ይመጣሉ፤ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ሙቀቱ እውነትም አፍሪካ ይሆንላቸዋል፣ እጅጌ ጉርድ ሸሚዛቸውን ለብሰው ፈገግ ይላሉ። በሺር ምንም አይላቸውም። ሽቅብ ወጥተው የደሴ ጉም ሲቀበላቸውና ጥርሳቸው መንገጫገጭ ሲጀምር ግን መኪናውን ዳር ያቆምና ሰኞ ገበያ የገዛውን አሮጌ የወታደር ካፖርት ከኋላ ያወጣል። "ገና ኮምቦልቻ ላይ ለምን አትሰጣቸውም?" ብዬ ብቆጣው፣ "ሳይበርደው የለበሰ ሰው ካፖርት አያከብርም" አለኝ።

ከካፖርቱ ቀጥሎ ንግግር ነው። "ኬላ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ጓድ በሉ፤ ከኬላ ወዲያ ግን እማና አባ ነው" ይላቸዋል። አንድ ቡልጋሪያዊ ገልብጦት፣ ጠመንጃ ያነገተውን የኬላ ጠባቂ "እማ" ብሎት ለጥቂት ነው የተረፍነው። ከንግግሩ ቀጥሎ ደግሞ አበላል ነው። "አንዴ በሞቴ ከተባላችሁ ብሉ፤ ሁለተኛ ከተባላችሁም ብሉ፤ ሦስተኛ ከተባላችሁ ሆዳችሁን ይዛችሁ ብሉ።" ከሚያስተምረው ሩቡ ውሸት ነበር። የደሴ ጉም ፀጉር ያሳሳል እያለ ስንቱን ፈረንጅ ሻሽ አስሮበታል። እኔ ስተረጉም እየቀነስኩ ነው። እሱም መቀነሴን ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይጨምራል።

ዶክተር ኢሎና የመጣች ዕለት ግን ያ ሁሉ አፍ ተዘጋ። ከሀንጋሪ የመጣች ቀጭን፣ ባለመነጽር ሴት ናት። "የምን ሐኪም ናት?" አለኝ በሺር። የዓይን መሆኗን ነገርኩት። ሐረጎን ስንወጣ ሴትዮዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ካፖርቱ ከኋላ ተቀምጧል፣ እሱ ትዝም አላለው። አውጥቼ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ደሴ ስንገባ ሞተሩን አጠፋና መሪውን እንደያዘ፣ "አስናቁ፣ የእማዬን ዓይን ታይልኝ ይሆን?" አለኝ።

እናቱ እማ ጣይባ ከደሴ ወጣ ብሎ ኩታበር ነው የሚኖሩት። ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ዓመታት አልፈዋል። በሰፈሩ የታወቁ መራቂ ናቸው፤ መንገደኛ፣ ሙሽራ፣ በሽተኛ ሁሉ ቱፍታቸውን ሽቶ ደጃቸው ይመጣል። ቱፍታ ማለት ትልቅ ሰው መርቆ ሲያበቃ ግንባር ላይ እትፍ የሚለው ነው፤ ምርቃቱ የሚታተመው በእሱ ነው። እማ ጣይባ ግን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ መምታት አቅቷቸዋል። በሺር ሊጠይቃቸው ሄዶ ጎንበስ ሲል ቱፍታው አንዳንዴ ጆሮው ላይ፣ አንዳንዴ ኮሌታው ላይ፣ አንድ ጊዜም አጠገቡ የቆመችው በቅሎ ላይ አርፏል። የበቅሎዋን ነገር ሲያወራ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ግን ደረቅ ግንባሩን በእጁ ይዳብሳል፤ ያን ስላየሁ እኔ በዚያ ወሬ አልስቅም ነበር።

ዶክተሯ ሲነገራት ወዲያው እሺ አለች። እምቢ ያሉት እማ ጣይባ ናቸው። በሺር ኩታበር ደርሶ ጥቁር ፊት ይዞ ተመለሰ። "ደጄን ያልረገጠ፣ እህሌን ያልቀመሰ ሰው ዓይኔን አይነካም አለች። ወላሂ ብላ ማለች። እማዬ ከማለች አለቀ።" ዶክተሯ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥታ የምትተነፍስበት አንድ እሑድ ብቻ ነበር የቀራት፤ የሚቀጥለውን ሳምንት ሠርታ ወደ አገሯ ነው። ያን እሑድ ኩታበር ልትሄድ ተስማማች። አሮጊቷ ከወደዷት ዓይናቸው ይከፈታል፤ ካልወደዷት በሺር እናቱ ሳታየው ይቀብራታል። በእነዚህ ቃላት ነው የነገረኝ፣ ሲነግረኝም አላየኝም።

ስለዚህ እንደዚያ ሳምንት ፈረንጅ ሲዘጋጅ አላየሁም። በየማታው ሥራ ስንጨርስ ሆስፒታሉ ግቢ ላንድሮቨሩ አጠገብ እንቆማለን፣ በሺር ያስተምራል፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ዶክተሯ እንደ ፈተና ተማሪ ትደግማለች። ጫማ አወላለቅ ተማረች። ቀኝ እጅን በግራ ደግፎ መጨበጥ ተማረች። "ሰላምታ ብድር ነው" አላት በሺር። "የተሰጠሽን ሁሉ ትመልሻለሽ። ሲስሙሽ ትስሚያለሽ፣ ደህና ነሽ ሲሉሽ ደህና ነዎት ትያለሽ፣ እጅሽን ሲይዙሽ እስኪለቁሽ ትይዣለሽ። ተቀብሎ የማይመልስ እንግዳ ባለጌ ነው።"

ቀጥሎ ቱፍታው መጣ። በሺር ይሄን አስቦበት ኖሯል። ከኮዳው ውሃ ተጎነጨና ሴትዮዋ ፊት ላይ እትፍ አለ። ዶክተሯ ደንግጣ እጇን ወደ ጉንጯ ስትሰድ፣ "አይጠረግም" አላት። "ደስታሽን ነው የምትጠርጊው። እንደገና።" እንደገና እትፍ። አልፎ የሚያየን ዘበኛ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ፤ እኔ ግን በሳቅ ሆዴን ይዤ መኪናው ላይ ተደግፌያለሁ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ፊቷ እየተንጠባጠበ፣ ምንም ሳትነቃነቅ፣ "አይጠረግም" አለች በራሷ አማርኛ። በሺር ልጁ የተዳረችለት ያህል ደስ አለው።

እሑድ ጠዋት ኩታበር ደረስን። እማ ጣይባ መደብ ላይ ተቀምጠው በሩን በጆሯቸው ይጠብቃሉ፤ አብራቸው የምትኖረው የበሺር እህት ሸሪፋ ቤቱን ጠርጋ እርጎና የገብስ ቂጣ አዘጋጅታለች። ዶክተሯ ጫማዋን አወለቀች። "አሰላሙ አለይኩም፣ እማ" አለች፤ አንድም ፊደል አልሳተችም። አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዙረው፣ "ወአለይኩም ሰላም። ጠጋ በይ እስቲ" ካሉ በኋላ ፊቷንና ክንዷን ዳበሱ።

"ከሲታ ናት። በአገሯ አያበሏትም እንዴ?"

"ሥራ ይበዛባታል፣ እማ" አልኩ።

"በሞቴ፣ አብሏት።"

ሦስቴም በሞቴ ተባለች፣ ሦስቴም በላች፤ ሦስተኛው ላይ ሆዷን ይዛ ነው። በሺር ጥግ ቆሞ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሚቀጥለውን ትምህርት ያነበንብላታል። አያስፈልጋትም ነበር። አሮጊቷ ፊታቸው ፈታ አለ፣ ስለ እናቷ ጠየቋት፣ ስለ ልጅ ጠየቋት፤ የተጠየቀችውን ሁሉ እየመለሰች ጠየቀቻቸው። በመጨረሻ እማ ጣይባ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"አላህ እጅሽን ያለምልመው። ከአገርሽ እንደወጣሽ በሰላም ያግባሽ። ክፉ አይይሽ።" ቀጥሎም እትፍ አሉ። ቱፍታው አንገቷ ሥር አረፈ። አልጠረገችም። በሺር ወደ እኔ ዞሮ በአንድ ዓይኑ ጠቀሰኝ።

ሴትዮዋ ግን ትምህርቷን ገና አልጨረሰችም። ቀና ብላ በሺርን አየችው፣ ፈገግ አለች፣ ጎንበስ አለችና የእማ ጣይባ ግንባር መሃል ላይ እትፍ አለች።

በወሎ ምድር ልጅ ትልቅ ሰውን በቱፍታ አይመርቅም። ይሄን የሚነግር ሰው የለም፤ መነገር የሚያስፈልገውም የለም። ማን ያስበዋል? በሺር ቱፍታ አይጠረግም ብሎ አስተማረ፣ ሰላምታ ይመለሳል ብሎ አስተማረ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚወልዱ ግን ማናችንም አልታየንም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። የሸሪፋ እጅ እርጎው ላይ ደርቆ ቀረ። በሺር "ያረቢ" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፊቱን ሳይ የእናቱን ዓይን እዚያው የቀበረ መሰለኝ። ዶክተሯ አንዴ አንዳችንን አንዴ ሌላችንን ታያለች፤ ፈገግታዋ እየከሰመ መጣ።

"ማነው እትፍ ያለኝ?" አሉ እማ ጣይባ።

"እማ፣ አውፍ በይኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ አታውቅም፣ እኔ ነኝ..."

"አንተን አልጠየቅኩም።"

"እንግዳዋ ናት፣ እማ" አልኩ። "ምርቃት የሚመለስ መስሏት ነው። እርስዎን ለማክበር ነው።"

የእማ ጣይባ እጅ ወደ ግንባራቸው ሄደ። ሊጠርጉት ነው ብዬ ዓይኔን ልከድን ስል፣ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና እጃቸውን መለሱ።

"እናቴ ከሞተች ወዲህ የመረቀኝ የለም" አሉ ቀስ ብለው። "ሰው ሲያረጅ መራቂ ይሆናል። ሁሉም ግንባሩን ይዞልኝ ይመጣል። እኔም ግንባር እንዳለኝ ያስታወሰ ሰው የለም።" ቀና አሉና፣ "አሚን በሉ እንጂ፤ ምን አፋችሁን ይዞታል?"

አሚን አልን። እኔ ጴንጤዋም አሜኔን ጨመርኩበት። ያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን ስለታሸገ ጮክ ብዬ አሜን ካልኩ ቆይቼ ነበር፤ እዚያች ጎጆ ውስጥ ወጣልኝ።

"ይቺ ልጅ ትንካኝ" አሉ እማ ጣይባ። "ብቻ ከመንካቷ በፊት ቢስሚላህ ትበል፤ አስተምሯት።"

ወደ ደሴ ስንመለስ ካፖርቱን የለበሱት እማ ጣይባ ናቸው። በሺርም አመሉ ተመለሰ፤ አሁን የሚያዘጋጀው እናቱን ሆነ። "እማ፣ አልጋው ከፍ ያለ ነው፣ በቅሎ እንደምትወጪ አድርገሽ ውጪ። እማ፣ አንሶላው ነጭ ነው፣ ከፈን አይደለም፣ አብሽሪ። እማ፣ ስትነቂ ዓይንሽ ይታሰራል፣ ጨለመ ብለሽ እንዳትደነግጪ።"

"ኧረ ልጄ፣ ጨለማን ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ?" አሉት።

ከኋላ የተቀመጠችው ዶክተር ቢስሚላህን ታጠናለች። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ጥርት አድርጋ ስትላት ሰማሁ።

ፋሻው የሚፈታበት ቀን በሺር ካኪውን አስተኩሶ መጣ። በር ላይ ቆመ እንጂ አልገባም፤ እጁን ይዤ ጎትቼ አስገባሁት። ዶክተሯ ፋሻውን ፈታች። እማ ጣይባ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት ዶክተሯን ነው። "ልጅ እኮ ናት" አሉ ተገርመው። ቀጥለው እኔን አዩኝ። ቀጥለው ከአልጋው ግርጌ የቆመውን ሰው አዩና ረጅም ጊዜ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቆዩ።

"ይሄ ሽማግሌ ማነው?"

በሺር የካኪውን ኮሌታ አስተካከለ።

"እሱ ነው፣ እማ" አልኩ።

"በሺሬ?" አሉ። "መቼ ነው የሸበትከው? ማንም አልነገረኝ እኮ።" እጃቸውን ዘረጉ። "ና፣ ጎንበስ በል።"

ጎንበስ አለ። በልማድ ጆሮውን ወደ እሳቸው አዙሮ ነበር። አገጩን ይዘው አቀኑትና "እንዲህ" አሉት፤ ግንባሩን አዩት፣ ሽበቱን አዩት፣ ከዚያ እትፍ አሉ። ቱፍታው ከሁለቱ ቅንድቦቹ መሃል አረፈ።

በሺር እንባው ፊቱን ሞላው። ሊያብሰው እጁን ሲያነሳ ዶክተር ኢሎና ክንዱን ያዘችው።

"አይጠረግም" አለችው።