ባህሩዲን እንግሊዝን አልጎበኘም

እሑድ ኦክቶበር 12 ቀን 2008 ወንድሜ ባህሩዲን አንድ ደብዳቤ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «ውድ ጌታዬ፤ ከሁለት ዓመት በፊት፣ አርብ ኖቬምበር 24፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለሁለት ሰው ጠረጴዛ አስይዘው የቀሩት ባልና ሚስት እኛ ነን። ለእኛ ዓሣ አዲስ መጥበሻ እንደሚያዘጋጁ በስልክ ቃል ገብተውልን ነበር። የቀረንበት ምክንያት»። እዚያ ላይ ቆሟል።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ባህሩዲን የሚነዳውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጎማ እየዞረ ሲፈትሽ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የማኅበራችን ጸሐፊ አቶ ሳህሉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ «ባህሩዲን ቁጭት ይዞ አልሞተም» አለ። «ዓለምን አይቷል። ከሚስቱ ጋር እንግሊዝ ድረስ ሄዶ ተዝናንቶ የመጣ ሰው ነው። ከመካከላችን ይህን ያደረገ ማን አለ?» ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ ፈሪሃ ግድግዳውን ታይ ነበር። ከዚያ ሳህሉ ወደ እኔ ዞሮ ለማኅበሩ መጽሔት አጭር የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ጠየቀኝ። «ያንቺ ሥራ ሰነድ መጠበቅ አይደል፣ ቱባ? አገር ጎብኚነቱን እንዳትረሺ» አለኝ።

አልረሳሁም። የምጽፈውም እሱኑ ነው።

ባህሩዲን የተወለደው ደሴ ነው። በጅቡቲ አድርጎ ወጣ፤ እዚያም የሐረሯን ፈሪሃን አገባ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሴይንት ፖል የገቡት በ1990 ነው። መጀመሪያ የተከራዩት ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከጎማ ቤት በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። በኋላ ሜፕልዉድ ገቡ፤ እዚያም ሁለት ክፍል ነው። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፣ እሷ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ልጅ አልወለዱም። ልጅ ስላልወለዱም ሰው ሁሉ ቤታቸው ባዶ ነው ብሎ ወሰነ። ከ1990 እስከ 2006 ድረስ በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ አስራ አራት ሰው በየተራ ተኝቷል። አጭሩ ሦስት ሳምንት ነው የቆየው፤ ረጅሙ አራት ዓመት። ባለ አራት ዓመቷ እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት በእነሱ ሶፋ ላይ ነው። በእነዚያ አራት ዓመታት ባልና ሚስቱ ለብቻቸው ቁጭ ብለው ሲበሉ አንድ ቀን አላየሁም። ፈሪሃ የምትበላው ቆማ፣ ለሌላ ሰው ሳህን እያቀበለች ነበር።

ፈሪሃ በመጦሪያው ከምትንከባከባቸው መካከል አንዲት የዘጠና ዓመት አሮጊት ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካዊ ወታደር አግብተው የመጡ፣ ዮርክ የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ተወላጅ ናቸው። ጠዋት ፈሪሃ ፀጉራቸውን ስታበጥር ስለ ከተማቸው ያወሯታል፤ ከተማዋ በአሮጌ ግንብ የተከበበች ናት፣ ሰው ግንቡ ላይ ወጥቶ ይሄድበታል፣ ጠዋት ከወጡ ከወፍ በቀር ማንም አይገኝም። ፈሪሃ የግንብ ልጅ ናት። «ጀጎል ሥር አድጌ ጀጎል ላይ ወጥቼ አላውቅም» አለች ለባህሩዲን። «እንሂድ» አላት። በሃያ ዓመት ትዳራቸው ለራሳቸው ብለው የተነጋገሩት የመጀመሪያው ነገር ይመስለኛል።

አሳቡ ቀላል ነበር። በ2006 የታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ ዕረፍት ረቡዕ ማታ ከሚኒያፖሊስ ይነሣሉ፤ ሐሙስ ለንደን ወርደው በቀጥታ ባቡር ይዘው ዮርክ ይገባሉ፤ ሦስት ሌሊት ሆቴል ያድራሉ። ግንቡ ላይ ይሄዳሉ፣ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ከነባለቀለም መስኮቶቹ ያያሉ፣ አርብ ማታ ደግሞ ወንዙ ዳር ባለ የዓሣ ምግብ ቤት ራት ይበላሉ። ባህሩዲን ምግብ ቤቱ ደውሎ ዓሣው የሚጠበስበት ዘይት አሳማ ነክቶት እንደሆነ ጠየቀ። ሰውየው አልሳቀበትም፤ «አዲስ መጥበሻ፣ አዲስ ቅቤ፤ እኔው ራሴ እጠብስላችኋለሁ» አለው። ባህሩዲን ይህን ሲነግረኝ ሰርግ የተጠራ ይመስል ነበር። ለእኔ የነገረኝም አንድ ነገር ቢደርስ የሚደወልላት ሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። አልተናገርኩም።

የተናገረችው ፈሪሃ ናት። በዒድ ዕለት ጎረቤታቸው ከሚሪያ «ለታንክስጊቪንግ እኛ ቤት ናችሁ፤ ሐላል የታረደ ተርኪ ዶሮ አዝዣለሁ» አለቻት። ፈሪሃ በዒድ ቀን መዋሸት አልቻለችም። «አንኖርም፤ ለንደን እንወርዳለን» አለች። ዮርክ ብትል ኖሮ ማንም ነገሬ አይላትም ነበር፤ ዮርክ ማንም ዘመድ የለውም። ለንደን ግን የሁላችን ዘመድ አለ።

በማግስቱ ከሚሪያ ለእህቷ የሚላክ የሙሽራ ልብስ ይዛ መጣች። ከዚያ ቪታሚን መጣ፣ የሕፃን ልብስ መጣ፣ የሰርግ ቪዲዮ መጣ፣ በሱቅ ዕቃ የተሞላ ሙሉ ሻንጣ መጣ። ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ፓኬት አመጣ። ሦስተኛው ፓኬት የእኔ ነው፤ ለጓደኛዬ ጫማ። «አንድ ጫማ ምን ይከብዳል?» ብዬው ነበር። ሌሎቹም ያሉት ይህንኑ ነው።

እኛ ዘንድ መንገደኛ ዕቃ አልይዝም አይልም። አማና፣ አደራ ነው። የተላከን ዕቃ ሰጥቶ ዞር ማለትም የለም፤ ተቀባዩ ካላበላህ ተዋርዷል። ባህሩዲን ይህን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ዘጠኝ ፓኬት ማለት ዘጠኝ ምሳ ማለት ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ምሳ! አንዳችንም ቁጭ ብለን አልደመርንም፤ እኔ እንኳ፣ ሥራዬ መዝግቦ መያዝ ሆኖ።

ለንደን ሲወርዱ የፈሪሃ የአክስት ልጅ አብዱራሕማን ኤርፖርት ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ከሚሪያ ደውላ ነግራው ነው።

«ሆቴል?» አለ ሻንጣቸውን ከእጃቸው እየቀማ። «እኔ ሞቻለሁ? መቃብሬን ልታዩ ነው የመጣችሁት?»

«ዮርክ ነው የምንሄደው፣ አብዱ። ባቡራችን በስድስት ሰዓት ይነሣል» አለ ባህሩዲን።

«ዮርክ ማን አላችሁ?»

«ማንም የለንም።»

«ታዲያ ማንም ሳይኖራችሁ ምን ልትሠሩ ነው?»

 ፈሪሃ እንደነገረችኝ፣ ባህሩዲን ለዚህ ጥያቄ መልስ በቋንቋችን አላገኘም። አብዱራሕማን ሻንጣውን መኪና ላይ ጫነ።

ሐሙስ ሁለት ፓኬት፣ አርብ አራት፣ ቅዳሜ ሦስት አደረሱ። የከሚሪያ እህት የሙሽራ ልብሱን በር ላይ ሲያቀብሏት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች፤ «ወላሂ ሳትበሉ አልቀበልም! ካልበላችሁ ይዛችሁት ተመለሱ!» አለች። በሉ። ሌላው ቤት ሲደርሱ ጠግበናል ቢሉ፣ «እዚያ ቤት በልታችሁ እዚህ ልትጾሙ ነው?» ተባሉ። አርብ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የለንደን ዳርቻ አንድ አፓርትመንት ውስጥ፣ የስድስተኛው ፓኬት ባለቤት ከሥራ እስኪመለስ እየጠበቁ፣ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ነበር።

«ደውልላቸው» አለችው ፈሪሃ ቀስ ብላ።

ኪሱን ፈተሸ። የምግብ ቤቱ ቁጥር ሻንጣው ውስጥ ነው፤ ሻንጣው አብዱራሕማን ቤት ነው። ወንድሜ በአስራ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኑ አንድ ሕፃን ፌርማታ ላይ ረስቶ አያውቅም። ያን ምሽት ግን አንድ የማያውቀውን ሰው አዲስ መጥበሻ አስይዞ አስጠበቀ። ከዚያ በኋላ የሚያንገበግበው የሆቴሉ ሦስት ሌሊት አልነበረም፤ ይህ ነበር።

እሑድ አብዱራሕማን ራሱ ዮርክ ሊወስዳቸው ተነሣ። «ባቡር ምን ያደርግላችኋል? እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ፤ ልጆቹም አገር ይዩ።» ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ እንነሣለን ተባለ፤ የተነሡት በአምስት ሰዓት ነው። አራት ልጆች፣ ሚስቱ፣ አንድ ጎረቤት። ዮርክ ሲደርሱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሆኗል። በኖቬምበር እዚያ አገር በዚያ ሰዓት ይመሻል፤ ሲመሽ ደግሞ ወደ ግንቡ መውጫ ያለው የብረት በር ይቆለፋል። ተቆልፎ ነበር።

ፈሪሃ ብረቱን ያዘች። በፍርግርጉ በኩል ደረጃው ይታይ ነበር፤ ጥቂት ደረጃ ብቻ ነው።

«ኑ፣ ፎቶ!» አለ አብዱራሕማን። «ጠጋ በሉ እንጂ! ሙሽሮች አይደላችሁ?»

አቶ ሳህሉ ያየው ያ ፎቶ ነው። ባህሩዲንና ፈሪሃ ከግንቡ ፊት ቆመው ፈገግ ብለዋል። የሚታየውን ነገር ሁሉ የሚያምን ሰው «ተዝናንተው» ይላል። እኔ ከጀርባው ጽፌበታለሁ፦ «በሩ ተዘግቷል።»

ባህሩዲን ወደ ምግብ ቤቱ ሄዶ ይቅርታ ልጠይቅ አለ። «የምን ምግብ ቤት? ባለቤቴ ዶሮ ሠርታ ይዛለች!» አለው አብዱራሕማን። የበሉት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ቫኑ ውስጥ ነው። ፈሪሃ ለልጆቹ ታቀብል ነበር። አብዱራሕማን ክፉ ሰው አይደለም፤ ለአራት ቀን ሥራውን ትቶ አሽከር ሆነላቸው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ክፉ ቢሆን ኖሮ ባህሩዲን እምቢ ይለው ነበር።

ሰኞ የለንደን ሰዎች በተራቸው የላኩትን አስራ አንድ ፓኬት ተሸክመው ወደ ሚኒሶታ ተመለሱ።

ፈሪሃ ሥራ ስትገባ አሮጊቷ ጠየቋት።

«ግንቡ ላይ ወጣችሁ?»

«ወጣን።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት።»

«ማን ነበር?»

«ሁለታችን ብቻ» አለቻቸው። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ለሁለት ዓመት ሰው ባገኛቸው ቁጥር «እንግሊዞቹ!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ባህሩዲን ይስቃል። ከዚያ ዘንድሮ፣ በኦክቶበር አጋማሽ መምህራን ሐሙስና አርብ ሲሰበሰቡ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ፣ ዱሉዝ ሄዶ ከሐይቁ ዳር ሁለት ሌሊት ሊያድር ከፈሪሃ ጋር ተስማማ። ዮርክ አይደለም፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ግን ለሁለት ሰው ነው። ለእኔም አልነገረኝም፤ ደግ አደረገ።

ስህተቱ መንገዱን መጠየቁ ነው። አብሮት አውቶቡስ የሚነዳው ሆርዶፋ የእህቱ ልጅ ኢብሲቱ ዱሉዝ ስለምትማር መንገዱን ያውቃል። ባህሩዲን የትኛው መውጫ ይሻላል ብሎ ጠየቀው። ሰኞ ማታ ሆርዶፋ ሜፕልዉድ ድረስ አንድ ትልቅ ካርቶን ይዞ መጣ፤ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ምን ምን። «እግረ መንገዳችሁን እሷንም ይዛችሁ ዙሩ፤ ብቸኛ ናት» አለ። ባህሩዲን በልማዱ እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። ካርቶኑ ኮሪደሩ ላይ አደረ። ፈሪሃ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ተራምዳው አለፈች።

የሆነውን የነገረኝ ሆርዶፋ ራሱ ነው፤ ለቅሶ ቤት፣ ጎኔ ተቀምጦ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ቱባ፤ በመጨረሻ አስቀይሞኝ ነበር። ግን ይቅር ብዬዋለሁ» አለኝ። ይቅር አለው! አስራ አራት ሰው ያሳደረውን፣ ሃያ ፓኬት የተሸከመውን ሰው አንዱ ይቅር አለው። በምን እንዳስቀየመው ቃል በቃል እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ሰዓቱን ሳይቀር ነገረኝ።

ማክሰኞ ኦክቶበር 14፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ የከሰዓቱን ልጆች አድርሶ እንደጨረሰ፣ ባህሩዲን ካርቶኑን ይዞ ብሩክሊን ፓርክ የሆርዶፋን በር አንኳኳ።

«ምነው? ጉዞው ቀረ እንዴ?» አለ ሆርዶፋ።

«አልቀረም። ሐሙስ ጠዋት እንሄዳለን።»

«ታዲያ መኪናው ሞላ?»

«አልሞላም። ባዶ ነው። ሁለታችን ብቻ ነን የምንሄደው።»

«ኧረ ተው ባህሩ፣ አንዲት ካርቶን! ልጅቷን ምን ልበላት?»

«ፖስታ ቤት አለ፣ ሆርዶፋ። ሌላ ጊዜ እኔው እወስድላታለሁ፤ አሁን ግን አልችልም።»

 ባህሩዲን ካርቶኑን ደጅ ጥሎለት አልሄደም። ሆርዶፋ ወገቡን ያመዋል። ወንድሜ ጫማውን አውልቆ፣ ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ ኩሽናው አስገባለት፤ ከጠረጴዛው ሥር ገፋ አድርጎ አስቀመጠው፤ «አላህ ይስጥህ፣ አልቀመጥም» አለ፤ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።